የባለቤቴ አስተርጓሚ

ስለ ሴቶች መብት መናገር የማይችል ባል የለም፤ ሚስቱ አጠገቡ እስካልተቀመጠች ድረስ! እኔ ራሴ በስደት በምንኖርበት አይቮሪ ፓርክ ሰፈር ካለችው፣ አገሬው ስፓዛ ከሚላት ትንሽ ሱቃችን ደጃፍ ቆሜ ስለ እኩልነት ያልሰበክሁት ደንበኛ የለም። ባለቤቴ ታደለች ያን ጊዜ ከብረት ፍርግርጉ ጀርባ ዳቦ ትሸጣለች። ያው... ሥራ ተከፋፍለናል።

ታዲያ ታንዲ የምትባል የሰፈራችን ልጅ ሱቅ ስለሚሠሩ ስደተኛ ሴቶች ፊልም ልታነሳ መጣች። ሴት በራሷ አፍ ትናገር ባይ ናትና ታደለች በአማርኛ እንድታወራ ፈለገች። እኔም ወደ እንግሊዝኛ ልመልስ ከረባቴን አስሬ መሃላቸው ጥልቅ አልኩ። አትፍረዱብኝ፤ የመረዳጃ ማኅበራችን ሊቀመንበር ምርጫ ደርሶ ዕጩ ነበርኩ። ፊልም ላይ የታየን ዕጩ ማን ይጥለዋል?

ታንዲ ቀኗ እንዴት እንደሚጀምር ጠየቀቻት።

"ጎህ ሳይቀድ ሱቅ እከፍታለሁ" አለች ታደለች ረጋ ብላ። "እሱ ረፋዱ ላይ ይነሳና 'ቁርስ የለም?' ይላል።"

እኔ ሆዬ ጉሮሮዬን ጠረግሁና፣ "ባለቤቴ በጠዋት ተነስቶ ያበረታታኛል ትላለች" ብዬ ተረጎምኩ።

እንዲህ እያልን ሰዓት ሞላን። የእሷ ስሞታ እኔ አፍ ሲደርስ ምስጋና ይሆናል። ታንዲ አንገቷን ትነቀንቃለች፤ ደስ ያላት መስሎኝ!

ፊልሙ በሰፈሩ አዳራሽ ሲታይ ማኅበርተኛውን በሙሉ ጠርቼ ፊት ወንበር ላይ ተሰየምኩ። እንደ ዜና የእኔ ድምፅ ብቻ የሚሰማ መስሎኝ ነበር። ለካስ ታንዲ የታደለችን ድምፅ እንዳለ ትታው፣ ቃሏንም በሌላ ሰው አስተርጉማ ከሥር በጽሑፍ አውጥታዋለች። እኔ "ያበረታታኛል" ስል ጽሑፉ "ቁርስ የለም?" ይላል! ከአፍ ከወጣ አፋፍ... አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከሩቅ ሰፈር፣ ከዛንድስፕሩት ድረስ የመጡ ባለሱቅ ሴቶች እንባቸውን ይጠርጋሉ። እኔ መግቢያ ቀዳዳ ጠፋኝ፤ ከረባቴም አነቀኝ።

ይሄ አልበቃ ብሎ ታደለችን መድረክ ላይ ጠሯት። ማይኩን ጨብጣ በአገሬው ቋንቋ፣ በዙሉ ቀጠለች። ከፍርግርጉ ጀርባ ከደንበኛ የለመደችው ነው፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ከ"ሳውቦና" ሰላምታ አላለፍኩም። ረጅም ተናገረች። ሰው ሁለት ጊዜ ሳቀ፣ አንድ ጊዜ ጭጭ አለ፣ በመጨረሻ ቆሞ አጨበጨበ። እኔም ምን እንዳለች ሳላውቅ ቆሜ አጨበጨብኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ኮራሁባት። ሳላቋርጣት ስትናገር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

አጠገቤ ወደተቀመጡት የማኅበራችን ጸሐፊ ጠጋ ብዬ፣ "ጋሽ ኑሪ፣ ምን አለች?" አልኳቸው።

ጋሽ ኑሪ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ባሌ ጎበዝ ነው፤ ምረጡት አለች።"

እሑድ ዕለት ምርጫው ተካሄደ። ሊቀመንበራችን ታደለች ናት።