ለእትዬ አስቴር የተለመነ በረዶ

በረዶ የሚባለው ነገር ጠባዩ አስቸጋሪ ነው። ክረምት ሲገባ ሳንጠራው ይመጣና የላፍቶን ቆርቆሮ ጣሪያ ሲደበድብ ያመሻል፤ የፈለግነው ቀን ግን ከተማውን ሙሉ ብንዞር አንድ እፍኝ አናገኝም። ከተማውን ሙሉ ማለቴ ተጋነነ። በአገር ውስጥ በረራ መጠበቂያ አዳራሽ ውስጥ ማለቴ ነው። እዚያ ምን አስኬደዎ ይሉኝ እንደሆነ፣ እስቲ አረፍ ብለው ይቀመጡና ልንገርዎ።

ጎረቤቴ ጳውሎስ ለቡ ላይ የቤት ቀለም ይሸጣል። የአርባ ምንጭ ሰው ነው። እናቱ በልጅነቱ ስለሞተችበት ያሳደገችው ታላቅ እህቱ አስቴር ናት። እርሱ «እትዬ» ይላታል፤ እኛም የሠፈሩ ሰዎች በአካል ሳናውቃት እትዬ አስቴር እንላታለን። የስኳር ሕመምተኛ ናት። ናት አልሁ? ነበረች። ይህችን አንዲት እርማት ጳውሎስ ፊት ለማድረግ አንድ ሙሉ የጉዞ ቀን ፈጅቶብኛል፤ የማወጋዎትም እርሱኑ ነው።

እትዬ አስቴር የምትወጋው ኢንሱሊን አርባ ምንጭ ውስጥ ጠፋ። ጳውሎስ ሱቁን ዘግቶ ከፋርማሲ ፋርማሲ ሲዞር ሰንብቶ ጥቂት ብልቃጦች አገኘ። የሸጠችለት ሴት መድኃኒቱ ከቅዝቃዜ እንዳይለይ፣ ሲጓዝ ከበረዶ ጋር እንዲሆን፣ በረዶው ግን በቀጥታ እንዳይነካው፣ መድኃኒቱ ራሱ ከረጋ ደግሞ ከመጣል በቀር ለምንም እንደማይሆን ነገረችው። እንዲህ ያለ አመለኛ ዕቃ ነው እንግዲህ። ሙቀትም ያበላሸዋል፣ ብርድም ያበላሸዋል። ጳውሎስ ምክሩን ቃል በቃል ሸመደደ፣ ሰፊ አፍ ያለው የምግብ ፔርሙዝ ገዛ፣ ቲኬት ቆረጠ። በማግሥቱ ጠዋት ሊበር፣ አመሻሹ ላይ እትዬ አስቴር አረፈች።

የተደወለው ለእርሱ አይደለም፤ ለባለቤቱ ለምሕረት ነው። ወጋችንን መቼም ያውቁታል። በእኛ ዘንድ መርዶ እንደ ሌላው ወሬ በስልክ አይጣልም። ሰው ብቻውን ሆኖ፣ መንገድ ላይ፣ የሚደግፈው በሌለበት አይረዳም። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ዘመድ ግራና ቀኝ ይቆማል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚነገረው። ምሕረት ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ እኔ ቤት መጣች፤ የእድራችን ዳኛም ተጠሩና ሦስት ሆነን ተማከርን። ወገኖቹ ያሉት አርባ ምንጭ ነው። ቀብሩ እርሱን ይጠብቃል። ቲኬቱም ተቆርጧል። ስለዚህ ምንም ሳያውቅ በሰላም ይድረስና በወገኖቹ መሀል ይረዳ ተባለ። ብቻውን ግን አይሄድም አሉ ዳኛው። ይህን ብለው ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ጡረተኛ ሰው ምን ሥራ አለው? በዚያ ላይ መምህር የነበረ ሰው ቃል አይቸግረውም ተብሎ ይታመናል።

ያስተምሩ የነበረው ምን ነበር ብለው አይጠይቁኝም? ግብረ ገብ። ኋላ ስሙ ተለውጦ ሥነ ዜጋ ተባለ፤ እኔ ግን ያው ነበርሁ። ሐቀኝነት ራሱን የቻለ ምዕራፍ ነበረው። ያንን ምዕራፍ ስንት ትውልድ ባስተማርሁበት አንደበት ጳውሎስ ቤት ሄድሁና፣ አርባ ምንጭ ያለ የቀድሞ ተማሪዬ ልጁን ስለሚድር እኔም በነገው አውሮፕላን ተሳፋሪ ነኝ አልሁት። ጳውሎስ በደስታ ተነሥቶ ትከሻዬን ሳመኝ። መድኃኒቱን ተራ በተራ እንደምንይዝ እዚያው ተስማማን።

ጠዋት በራቸው ላይ ስንገናኝ ከእግር እስከ ራሴ አየኝ።

«ጋሼ፣ ሠርገኛ ሆነው በዚህ ጥቁር ኮት ነው የሚሄዱት? ያየዎት ሰው ለቅሶ የሚሄዱ ይመስለዋል» አለኝ።

ሌላ ኮት የለኝም አልሁት። ይህ እንኳ እውነት ነው። ስልኩ ባትሪው አልቆ ስላደረ ይነጫነጭ ነበር፤ ቻርጀሩን ነቅላ የደበቀችው ምሕረት መሆኗን እኔ አውቃለሁ። ታክሲው ሲመጣ ጳውሎስ እንደ ልማዱ ሊጸልይ ቆመና እጄን ያዘኝ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ እርሱ ጴንጤ ነው፤ ግን በአንድ እድር ስንኖር አንዳችን በሌላችን ጸሎት ላይ መቆም ለምደናል። ጌታ ሆይ፣ እትዬን ከተኛችበት አንሣልኝ፣ ይህን መድኃኒት በጊዜው አድርስልኝ አለ። ምሕረት ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች። እኔ አሜን አልሁ። ተማሪዎቼን ትርጉሙን ያላሰባችሁበትን ቃል አትናገሩ እያልሁ የኖርሁ ሰው፣ አሜን አልሁ።

ፍተሻው ላይ አንዲት ወጣት ፔርሙዙን አስከፈተችና ቁርስ ነው ወይ አለች። ጳውሎስ ሁሉንም አብራራላት፤ የሐኪሙን ወረቀትም አሳያት። አንብባ ስትጨርስ ክዳኑን ራሷ በጥንቃቄ ገጠመችለትና እግዜር ይማርልህ አለችው። ከዚያ በኋላ ያላለን ሰው የለም። የአገሬ ሰው ለማያውቀው በሽተኛ እንዴት ደግ ነው። እኔ በየምርቃቱ አንገቴን ስደፋ ጳውሎስ ትሕትና መስሎት ነበር።

ሻንጣ ማስረከቡና መቀመጫ መያዙ ሰላም ነበር። ከዚያ አርባ ምንጭ ላይ ደመና ስላለ በረራው ዘግይቷል ተባለ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ አሁንም ዘግይቷል ተባለ። ጳውሎስ ፔርሙዙን ከፈት አድርጎ አየ። በረዶው ውኃ ሆኗል። ልክ ልናገር፤ ግማሹ ውኃ ሆኗል። የጳውሎስን ፊት ላየ ግን ሁሉም የቀለጠ ይመስለው ነበር።

መጠበቂያ አዳራሽ ውስጥ ፔርሙዝ አቅፎ የሚጨነቅ ሰው ካለ የግል ጉዳይ የሚባል ነገር ያበቃል። ባርኔጣ ያደረጉ አዛውንት እናታቸው ኢንሱሊኗን ውኃ በሚያዥ እንስራ ሥር እያስቀመጠች ዕድሜ እንደጠገበች አወሩ። ከፊታችን የተቀመጠች እመጫት በእርጥብ ፎጣ ጠቅልለው አለች። ሌላዋ ሴት ጎረቤቷ መድኃኒቱን ያከበረች መስሏት ከሥጋው ጋር ፍሪዘር ውስጥ ከታ እንዳበላሸችው ተረከችና ጳውሎስን ይብስ አስደነገጠችው። ሁሉም መካሪ ነው፤ በረዶ ያለው ግን የለም።

ተነሥቼ ወደ ካፌው ሄድሁ። አስተናጋጇ በረዶ ለብቻው እንደማይሸጥ ነገረችኝ። ከምን ጋር ነው የሚሸጠው? ከለስላሳ ጋር። እንግዲያው ለስላሳ በበረዶ፣ በረዶው በሌላ ብርጭቆ ይሁንልኝ አልኋት። ብርጭቆው ሲመጣ በረዶዎቹ ከአምስት አይበልጡም። ደግሜ አዘዝሁ። ደግሜ ጠጣሁ። በኋላ ልጅቱ ገርሟት፣ አባባ ለጤናዎ አይሆንም እኮ አለችኝ። ነገሩን ስነግራት ወደ ውስጥ ገብታ አንድ ፌስታል በረዶ ይዛ ወጣች። እግዜር ይማራት አለች እርሷም።

ፌስታሉን ይዤ በአዳራሹ መሀል ስመለስ ምን እንደተሰማኝ ልንገርዎ? ደስታ። እየሮጥሁ ነበር። በዚህ ጉልበቴ እንኳ ሮጥሁ ማለት አይቻልም፤ ፈጠን ፈጠን እያልሁ ነበር። ደረስንላት፣ አዳንናት እያልሁ ነበር በልቤ። ለአፍታ ያህል መሞቷን ረስቼው ነበር። ጳውሎስ ፌስታሉን ሲያይ ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ያን ጊዜ ትዝ አለኝና ተቀመጥሁ።

በረዶውን ቀይረን፣ ብልቃጦቹን በፎጣ ጠቅልለን ስንጨርስ ስልክዎን ያውሱኝ አለ። የእህቱ ልጅ ናትናኤል መዘግየታችንን ይወቅ ብሎ ነው። እንዴት እምቢ ይባላል? ሰጠሁት። መብራት እንዳለ ጠየቀ፣ ፍሪጁን ባዶ እንዲያደርጉት፣ የቅዝቃዜ መቆጣጠሪያውን መሀል ላይ እንዲተዉት አዘዘ። ቀጥሎ እናትህን አቅርብልኝ አለው። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። የስልኬ ድምፅ ከፍ ያለ ስለሆነ መልሱን እኔም ሰማሁ።

«ተኝታለች» አለ ናትናኤል።

«በሉ እንዳትቀሰቅሷት» አለ ጳውሎስ፤ ስልኬንም መለሰልኝ።

አውሮፕላኑ ውስጥ አስተናጋጇ ሳንጠይቃት በረዶ ጨመረችልን። ጳውሎስ ፔርሙዙን ጭኑ ላይ አድርጎ ቀበቶውን በላዩ ሊያስር ቃጣውና ሁለታችንም ሳቅን። ወሬው ሁሉ ስለ እርሷ ነበር። ሙዝ ሸጣ ነው ያስተማረችው። አሁን ሐኪሞቹ ሙዝ እንዳትቀምስ ስለከለከሏት፣ እንጀራዬን ከለከሉኝ እያለች ትቀልዳለች አለኝ። ትቀልዳለች አለ፤ እኔም አላረምሁትም።

ናትናኤል ከአውሮፕላን ማረፊያው ደጅ ቆሞ ጠበቀን። ጥቁር ልብሱን አውልቆ ከጓደኛው የተዋሰውን ቢጫ የኳስ ማሊያ ለብሷል። ማሊያው ሰፍቶታል፣ ዓይኑ ቀልቷል። ጳውሎስ ጉንፋን ይዞሃል ወይ አለው። ይዞኛል አለ ልጁ። ፔርሙዙንም በሁለት እጁ ተቀበለው። በቀጥታ ወደ ቤት ሳይሆን እነ ጳውሎስ አጎት ዘንድ ወሰደን፤ እዚያ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ነበር። ጳውሎስ ከበሩ ላይ ሲያያቸው ቆመ። ሁሉም ተነሡ። መናገር የእኔ ድርሻ ነበር።

«ጳውሎስ ልጄ፣ ተቀመጥ» አልሁት።

ቃል አይቸግረውም የተባለው መምህር ከዚህ በላይ የተናገረው ነገር የለም። አላስፈለገውምም። ጳውሎስ አልተቀመጠም። ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ናትናኤል ዞረ፤ ፔርሙዙን ከእጁ ተቀበለ፤ ክዳኑን ከፈተው፤ ለሽማግሌዎቹ አሳያቸው።

«በረዶው እኮ አልቀለጠም» አለ።

ደጋግሞ አለው። እያንዳንዳቸውን እያየ፣ ስሕተቱ የእነርሱ እንደሆነ ሊያስረዳቸው የፈለገ ይመስል። ከዚያ ያዙት።

ቀብሩ እንዴት እንደነበረ አልነግርዎትም። ልቅሶው ጋብ ሲል ጳውሎስ መድኃኒቱን ጠየቀ፤ በቤተ ክርስቲያናቸው የምትዘምር አንዲት ወጣት ያንኑ ዓይነት አጥታ ስትቸገር ነበርና በእጁ ወስዶ ሰጣት። አልተበላሸም ነበር። እውነቱን ላፍቶ ላይ ነግሬው ቢሆን ያንን ፔርሙዝ ማን ዞር ብሎ ያየው ነበር? ከዚህ ውስጥ ምን ትምህርት እንደሚወጣ ደጋግሜ አስቤበታለሁ። ውሸት ጠቀመ ልል ነበር፤ ያንን ጳውሎስ ፊት መናገር ስለማልችል ትቼዋለሁ።

እርሱ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ድንኳኑ ጥግ ተቀምጠን ሳለ ጠጋ አለኝ።

«ጋሼ፣ ያን በረዶ ሲለምኑ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለማን ነበር የሚለምኑት?»

ለአንተ ነው አልሁት። ሙሉ እውነቱ ግን ይህ አልነበረም። በረዶ ፍለጋ የሚዞር ሰው ከጎኑ ያለውን ሰው ዓይን አያይም፤ ለራሴም ነበር።

ከተመለስን በኋላ ጳውሎስ አላኮረፈኝም። ሱቁን ከፍቷል፣ ሰላምታውም እንደ ድሮው ነው። ባለፈው ሰሞን አንድ ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ አየሁትና ወዴት ነው አልሁት። ወደ ሀይሌ ጋርመንት ሠፈር ነው አለኝ። ቆየኝ፣ እኔም አብሬህ ልሂድ አልሁት።

ጳውሎስ የበሩን ብረት ያዘ።

«ማን ሞተ?» አለኝ።

ማንም አልሞተም፣ መነጽሬን ላሠራ ነው አልሁት። እግሩ የተሰበረውን መነጽር ከኪሴ አውጥቼ አሳየሁት። ተቀብሎ አገላብጦ አየው፤ በእርጋታም መለሰልኝ። ከዚያ ስልኩን አወጣና ገበያ ለሄደችው ለምሕረት ደወለ።