ሳይታረቅ ያለቀው ፊልም

ጠብ ጀምሮ ሳያስታርቅ «አለቀ» የሚል ፊልም ሠሪ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን መካነ ኢየሱስ ከተማ ላይ፣ በወጣቶች የአጭር ፊልም በዓል ገጥሞኛል። በጎረቤቴ ልጅ በትርንጎ ፊልም ሁለት ወንድማማቾች በእርሻ ድንበር ተጣልተው እንደ ተኳረፉ መብራቱ በራ። ፊደል በራሴ የቆጠርሁ፣ ስንቱን ባላንጣ ያስታረቅሁ ሰው ዝም ልበል? ወንድማማቾቹን ሆነው የተወኑትን ልጆች ከተመልካቹ መካከል ጠርቼ መድረክ ላይ አወጣኋቸው።

«ኧረ አያ ደምሌ፣ ይቀመጡ! ፊልሙ የሚያልቀው እንዲሁ ነው፤ ዳኞቹ እያዩ ነው!» አለች ትርንጎ።

«ቂም ይዞ ማለቅ የለም!» አልሁና ታናሹ፣ ድንጋይ ቢጠፋ ወንበር ተሸክሞ፣ የታላቁን ጉልበት እንዲስም አደረግሁ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ዳኞቹ ግን «የተጨበጨበው ለሽማግሌው ነው» ብለው ሽልማቱን ለሌላ ሰጡ። ትርንጎ ይኸው አኩርፋኛለች። የሚያስታርቀን ሽማግሌ እስቴ ወረዳን ሙሉ ፈለግሁ፤ ከእኔ የሚሻል ግን ከየት ይምጣ?