የፖርቱጋልኛ ዕድር

ቋንቋ አንድ ያደርጋል የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ወደ እኔ ላኩልኝ። ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆዜ ነኝ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ከቤት አልጠፋም።

ጎረቤቴ ሴኞር ማኑዌል ይባላሉ። አዞረስ ከሚባሉት የፖርቱጋል ደሴቶች መጥተው፣ እዚህ ላም ሲያልቡ ኖረው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። አምና ባለቤታቸው ሲሞቱ ቀብር ላይ የተገኘነው በጣት የምንቆጠር ሰዎች ነበርን። ብዙም ሳይቆይ የእኔ አጎት አረፈ። የሐበሻ መኪና መንገዱን ዘጋው። ሴኞር ማኑዌል ይህን ሁሉ ሰው ማን ጠራው ብለው ጠየቁኝ። ዕድር አልኳቸው፤ ምን እንደሆነም አስረዳኋቸው። እኔም ስሞት በቋንቋዬ የሚያለቅስልኝ ሰው እፈልጋለሁ አሉ። አንጀቴን በሉት።

ታዲያ ምን ችግር አለ? ፖርቱጋልኛ ተናጋሪ አገር እንደሆነ ሞልቷል። ብራዚል አለ፣ አንጎላ አለ፣ ሞዛምቢክ አለ፣ ኬፕ ቨርዴ አለ። መንግሥቶቻቸውም የጋራ ማኅበር አላቸው አሉ፤ መሪዎቹ በየጊዜው እየተሰበሰቡ ይተቃቀፋሉ። መሪ ከተቃቀፈ ጎረቤት ምን ያቅተዋል? እኔም ደላላ ሆንኩ። ኦክላንድ ወደብ ላይ አብሮኝ ኮንቴይነር የሚጎትተውን አንጎላዊ፣ ዶሚንጎስን አመጣሁ። ሱሪዬን የምታሳጥርልኝን ብራዚላዊት ልብስ ሰፊ፣ ሮዛን አመጣሁ። እነሱም ወዳጆቻቸውን ጠሩና የሴኞር ማኑዌል ጓሮ ሞላ።

ሽማግሌው ንግግር አደረጉ። ሮዛ ጠጋ ብላ በእንግሊዝኛ፣ ሰውዬው ራሽያዊ ናቸው እንዴ አለችኝ። የደሴት ሰው ፊደሉን ግማሹን ይውጠዋል አሉ። ቀጥሎ የአውቶቡስ ወሬ ተነሣ። እሷ ኦኒቡስ ትላለች፣ እሳቸው አውቶካሮ ይላሉ፣ ዶሚንጎስ ማሺምቦምቦ ይላል። የትኛው ትክክል ነው ሲባባሉ ስንት አውቶቡስ አለፈ መሰላችሁ።

ቢሆንም ዕድሩ እንዲታወቅ ከሜክሲኮ መካኒኮች ጋር የኳስ ግጥሚያ ተያዘ። ሴኞር ማኑዌል ሮዛ ዘንድ ደወሉና፣ አስራ አንድ ሰማያዊ ካሚዞላ፣ ሰፋ ሰፋ አድርገሽ ለማኅበሩ ስፊልኝ አሏት። በእሳቸው አገር ካሚዞላ ማለት ማሊያ ነው። በሮዛ አገር ግን ሌላ ነው።

ሜዳ ላይ ካርቶኑ ተከፈተ። አስራ አንድ የሴት የሌሊት ቀሚስ፣ አንገቱ ላይ ዳንቴል ያለው።

አትሳቁ። እኛስ ብንሆን? በትግርኛ ሎሚ ማለት ዛሬ ነው። አንድ የአስመራ ወዳጄ ዛሬ ና ሲል «ሎሚ ንዓ» ብሎ ቴክስት ቢያደርግልኝ፣ አንድ ከረጢት ሎሚ ገዝቼ በማግስቱ ከች ብያለሁ።

የሴኞር ማኑዌል ፊት በርበሬ መሰለ። ብራዚሎች በአንድ ወገን፣ የቀሩት በሌላ ወገን ቆመው መጯጯህ ጀመሩ። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አንሥተው ወደ መኪናቸው አመሩ። ዕድሩ ሳይወለድ ሊቀበር ነው።

እኔ አንድም ቃል አልገባኝም። መንገዳቸው ላይ ቆሜ፣ «ሴኞር፣ እኔም የዕድሩ ሰው ነኝ፤ በእንግሊዝኛ ንገሩኝ እንጂ» አልኩ። ለእኔ ሲሉ ሁሉም እንግሊዝኛ ጀመሩ። እሳቸው የሚስቴ ሐዘን ሳይወጣልኝ አላገጠችብኝ አሉ። እሷ ለማኅበሩ አሮጊቶች ስጦታ መስሎኝ፣ ደግነትዎን እያሰብኩ ሳምንቱን ሙሉ ስሰፋ ከረምኩ አለች። በእንግሊዝኛ ሲሆን ነገሩ አጭር ሆኖ ቀረ። እሳቸው ማሊያ አሉ፣ እሷ ቀሚስ ሰማች፣ በቃ።

እኔ አንዱን ቀሚስ አንሥቼ፣ ከቦርጬ ጋር ታግዬ ለበስኩት። መጀመሪያ የሳቁት ሴኞር ማኑዌል ናቸው። ከባለቤታቸው ሞት ወዲህ ሲስቁ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበርና በጣም ደስ አለኝ። ሁሉም ለበሱ። አራት ለባዶ ተሸነፍን። በረኛው እኔ ነበርኩ፤ ቀሚሱ ጠልፎኝ ነው ብል ማን ያምነኛል?

ሕዝቡ በሳቅ ፈርሶ እዚያው ለዕድሩ ተመዘገበ። ሊቀመንበር ይመረጥ ሲባል ሴኞር ማኑዌል ቋንቋው የእኛ ነው አሉ። ብራዚሎች ብዙዎቹ እኛ ነን አሉ። ዶሚንጎስ ብድግ ብሎ፣ «ሰሎሞን ይሁን፤ አንድ ቃል ፖርቱጋልኛ ስለማያውቅ ለማንም አያደላም» አለ። በሙሉ ድምፅ ተመረጥኩ። ስብሰባው በእንግሊዝኛ ነው። በእንግሊዝኛ ለመሳደብ ማሰብ ይጠይቃል፤ ቃሉ እስኪገኝ ንዴቱ ይበርዳል። ሴኞር ማኑዌልም አሁን መሞቱን ትተው ስብሰባ ማድመቅ ይዘዋል።

እኔም ይህን ጥበብ ይዤ ኦክላንድ ወደሚገኘው የሐበሻ ዕድራችን ሄድኩ። በሊቀመንበር ጉዳይ ልንከፈል ደርሰን ነበር። የእኛ ችግር እኮ መግባባታችን ነው። የተባለው ይገባናል፤ ያልተባለው ደግሞ የበለጠ ይገባናል። ተነሥቼ የቀሚሱን ታሪክ ነገርኳቸውና አማርኛ የማይችል ሊቀመንበር እንምረጥ አልኩ። አንድ አዛውንት፣ «የሰሎሞንን ፕሮፖዛል ሰፖርት አደርጋለሁ» አሉ። ቤቱ አጨበጨበ። እንዲህ ተስማምተን አናውቅም።

ከዚያ ማን ይሁን ተባለ። ግማሹ ሮዛ አለ፣ ግማሹ ሴኞር ማኑዌል አለ። ይኸው ዛሬ ሁለት የሐበሻ ዕድር አለን።