ፈረስ ላይ ቁጭ ማለት

እኛ አገር ዳኛ ለመሆን የሕግ ትምህርት አያስፈልግም፤ ደሴ ፒያሳ አንዱ ካፌ ገብቶ ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ወንበር መያዝ ይበቃል። እኔ ለምሳሌ ከልጅነቴ ወዲህ ኳስ ነክቼ አላውቅም፣ በረኛው ወዴት መዝለል እንደነበረበት ግን ሁልጊዜ አውቃለሁ። ዋና አልችልም፣ ዋናተኛው መዞሪያው ላይ እንደዘገየ ግን ይታየኛል። ማኪያቶ የያዘ ሰው የማያሸንፈው ውድድር እንደሌለ እናንተም ሳታውቁት አትቀሩም። ታዲያ አንድ ቀን ነጭ ሱሪ የለበሱ ሰዎች በፈረስ አጥር ሲዘሉ ታዩና ጓደኞቼ "ይሄም ስፖርት ነው?" ብለው ወደኔ ዞሩ። ፍርዴን ሰጠሁ። "ስፖርተኛው ፈረሱ ነው፤ ሰውየውማ ቁጭ ብሏል። ቁጭ ማለት ስፖርት ከሆነ እኔ የዓለም ሻምፒዮን ነኝ።" ተሳቀ። ከሁሉም አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነበርኩ፤ አሁን ትዝ ሲለኝ ፊቴ ይግላል።

ሰይድ የእህቴ ልጅ ነው። የሚሠራው ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ቢሆንም ልቡ ያለው ከቦሩ ሜዳ ባሻገር፣ በክረምት መኪና የማይገባበት ደጋ ላይ ነው። እዚያ ዘሀራን ወዷል፤ እሷም ወዳዋለች። እሺ ማለት የቀራቸው አባቷ ጋሽ ይማም ብቻ ነበሩ። መጀመሪያ ከኮምቦልቻና ከሐርቡ የተውጣጡ፣ ቁመናቸው የሚያምር ሽማግሌዎች ተላኩ። ሰዎቹ ዳገቱ አድክሟቸው ኖሮ ገና ከበር ሲገቡ "ተቀመጡ" ቢሏቸው ተቀመጡ። አለቀ። ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሽማግሌ እሺ እስኪባል ቆሞ እንደሚለምን የማያውቅ ሰው አለ? ጋሽ ይማም በአክብሮት አስተናግደው ሸኟቸውና በኋላ ቃል ላኩ፦ "ቁጭ ብሎ ሻይ ይታዘዛል እንጂ ልጅ አይጠየቅም።"

ሰይድ ምግብ መብላት አቆመ። ለዘሀራ ሌላ ጠያቂ እንደመጣም ተወራ። እህቴ ሆጤ ካለው ቤቷ ድረስ መጥታ፣ ጓደኞቼ እየሰሙ፣ "አንተ አጎት ነህ ወይስ የዚህ ካፌ ወንበር?" አለችኝ። ለሁለተኛው ሽምግልና እኔና ሼህ ሙሔ ተመረጥን። ሼህ ሙሔ ሰባዎቹን ያለፉ፣ ስንት የተጣላ ያስታረቁ አባት ናቸው። ይህም ካልሆነ ሦስተኛ ሙከራ እንደማይኖር ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

የተሳፈርንበት ባጃጅ ጭቃው ከሚጀምርበት ላይ አውርዶን ተመለሰ። ሁለት ፈረሶች ተጭነው ይጠብቁናል። ሼህ ሙሔ ወደ አልጋቸው እንደሚወጡ ሁሉ ቀለል ብለው ወጡ። እኔን ከኋላ ስንት እጅ እንደገፋኝ ባልናገር ይሻላል።

አሁን ለናንተ ብቻ ልንገራችሁ፦ ፈረስ ላይ ቁጭ አይባልም። ወንበር የሚባል ነገር የለም። ዳገት ሲሆን ወደፊት ትደፋላችሁ፣ ቁልቁለት ሲሆን ወደኋላ ትለጠጣላችሁ፣ ሶምሶማ ሲጀምር ደግሞ ኮርቻው ከታች እየመጣ ይቀበላችኋል፤ እናንተ ስትወርዱ እሱ ይወጣል። በጭናችሁ ካልያዛችሁ ትወድቃላችሁ፣ ከያዛችሁ ደግሞ ጭን የሚባለው ነገር ይጠፋችኋል። ሆዴ፣ ወገቤ፣ አንገቴ፣ ስሙን የማላውቀው ጅማት ሁሉ ሥራ ገባ። ሼህ ሙሔ ከፊት ሆነው እየዞሩ "እርካቡን እርገጥ እንጂ እንድሪስ፣ ልጓሙ ላይ አትንጠልጠል፤ አብሽር፣ ደርሰናል" ይሉኛል። አልደረስንም ነበር። ያ ነጭ ሱሪ የለበሰ ሰውዬ በየዳገቱ ትዝ አለኝ፤ በልቤም አፉ በለኝ አልኩት።

ስንደርስ እንደ ጆንያ አወረዱኝ። እግሮቼ ፈረሱ አሁንም በመካከላቸው ያለ ይመስል ተከፍተው ቀሩ። እንደዚያው ሆኜ ገባሁ። ቤቱ በዘመድ ተሞልቷል። ሼህ ሙሔ ሰላምታውን ከነዱዓው አድርሰው ጉዳያችንን አቀረቡ። ጋሽ ይማም ግን ስለ ዝናቡ ጠየቁ። ስለ ገብሱ አወሩ። ከዚያ "ሼሃችን፣ እርስዎን በዚህ ዕድሜ ማቆም ለኔ ወንጀል ነው" ብለው ሼህ ሙሔን በግድ አስቀመጧቸው። ቀጥለው ወደኔ ዞሩ።

"እርስዎም ይቀመጡ፤ እንደ ሰው እንነጋገር።"

ወላሂ መቀመጥ ፈልጌ ነበር። የቤተሰቡ ክብር፣ የሰይድ ትዳር፣ የእህቴ እንባ፣ አንዱም በዚያች ሰዓት ትዝ አላለኝም፤ ዓይኔ መደቡ ላይ ያለው አጎዛ ላይ ነበር። ጉልበቴን ለማጠፍ ሞከርኩ። እምቢ አለ። ትንሽ ዝቅ ብል ከኋላዬ እሳት ተነሳ። ጥርሴን ነክሼ "አልቀመጥም" አልኩ።

"ግድ የለም፣ ይቀመጡ።"

"አልችልም።"

ይህች ሁለተኛዋ ቃል ንጹሕ እውነት ነበረች። ላቤ ይንጠባጠባል፣ ጭኔ ይንቀጠቀጣል፣ ግድግዳውን ይዣለሁ። ጋሽ ይማም ትክ ብለው አዩኝና ዓይናቸው እንባ ሞላ። "ያኔ የመጡት ተቀምጠው ጠየቁኝ። ይሄ ሰው ግን እግሩ እየከዳው ስለ ልጄ ቆመ። ልጄን የሚያከብር ቤት ይሄ ነው። ሰጥቻለሁ" አሉ።

እልል ተባለ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አይደለም፣ እግሬን ታምሜ ነው ልበል? ብል ሰይድ ምን ይሆናል? ዝም አልኩ። ዝምታዬንም ትሕትና አሉት። ዘሀራ ተጠርታ መጣችና ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመች። "ያ አላህ" ብዬ አቃሰትኩ። ቤቱ በሙሉ "አሚን" አለ።

ከዚያ ጋሽ ይማም ክንዴን ያዙ። "እንግዲህ ጉዳይዎ ተፈጽሟል። አሁን ይቀመጡ።"

ተቀመጥኩ። እንባዬ ወረደ። አብረውኝ ያለቀሱ ነበሩ።

ስንመለስ ፈረሱን በልጓሙ እየጎተትኩ በእግሬ ወረድኩ። ከላይ ሆነው የሚሸኙን ይህንንም አይተው ማሻአላህ አሉ፤ ከሼሁ እኩል በፈረስ መሄድ ነውር መስሎት ነው ብለዋል አሉ። ሼህ ሙሔ ኮርቻቸው ላይ ሆነው ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁብኝ፤ ለማንም አልተናገሩም። አለመናገራቸው ባሰብኝ። እህቴ ለሰፈሩ ሁሉ አውርታ ጨርሳለች፤ አሁን ሆጤ ውስጥ ልጁን የሚድር ሁሉ "ያ የማይቀመጠው ሰውዬ ይላክልን" እያለ በሬን ያንኳኳል። በተከበርኩ ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ። ጋሽ ይማምም ለሰርጉ በእግሩ እንዳይመጣ፣ ፈረስ እልክለታለሁ ብለዋል።

ባለፈው ካፌ ገባሁ። ቴሌቪዥኑ ላይ ፈረሶቹ እንደገና አጥር ይዘላሉ። ጓደኞቼ ወንበር ሳቡልኝና "ና ሻምፒዮን፣ ቁጭ በል" አሉኝ።

"ተዉኝ" አልኳቸው። "ይሄ ሰውዬ ከፈረሱ እስኪወርድ ቆሜ አያለሁ።"