ጋሽ ሰይድና የወንድ ልጅ ትምህርት

ወንድ ልጅን ማስተማር ጊዜ ማባከን ነው የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ሳዑዲ፣ ሳምጣ በምትባል ከተማ፣ በምንሠራበት እርሻ ላይ ገጥሞኛል። ጋሽ ሰይድ ይባላሉ። ወሎ ላለው ልጃቸው በደወሉ ቁጥር፣ «ደብተሩን ጣልና ና! ወንድ የሚያድረው በክንዱ ነው» ይሉታል።

አንድ ቅዳሜ ስልካቸውን ሰጡኝ።

«መነጽሬን ረስቼ ነው፤ እስቲ አንብብልኝ።»

መነጽር ኖሯቸው አያውቅም፤ ፊደልም አይለዩም። በኀፍረት ሦስት ቀን የደበቁት የልጃቸው መልእክት ነበር።

«አባዬ፣ እንዳልከኝ ትምህርቱን ትቼ ጅቡቲ ደርሻለሁ። ጀልባው ዓርብ ይነሳል። የመን ጦርነት ነው አሉን፤ ፈራሁ። ተመለስ ካልከኝ እመለሳለሁ።»

ቅዳሜ እኮ ነው!

«ያላ፣ ተመለስ ብለህ ጻፍለት!» ብለው ጮኹ። ጻፍኩ። ደወልንም፤ ስልኩ ዝግ ነው።

ይኼኔ ምን ቢሉ ጥሩ ነው?

«ይኼ ልጅ፣ በድምፅ ቢልከው ምን ነበረበት?»