በጽጌ ጉንጭ ላይ የታዩት ቀያይ ክሮች

በኛ ሰፈር የሰው ፊት ለማንበብ ትምህርት አያስፈልግም። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ግን እዚህ ሰበታ ማን እንደተኳረፈ፣ ማን እንዳረገዘች ከአጥሬ ሳልርቅ እነግራችኋለሁ። ሐሜተኛ እንዳትሉኝ ብቻ። ዓይን የተሰጠኝ ልጨፍነው ነው እንዴ?

ጽጌ ጎረቤቴ ናት፤ አጥር ለአጥር ነን። ቀይ ናት፣ ቆዳዋ ስስ፣ ፀሐይ ትንሽ ሲነካት የምትቀላ። ከጊዜ በኋላ በሁለቱም ጉንጮቿ ላይ ቀጫጭን ቀያይ ክሮች ታዩ። ሸረሪት በቀይ ክር ያደራችበት ነው የሚመስለው። ሰፈሩ ምን አለ? «አረቄ ነው!» አለ። ጽጌ! ጠላ ስትጠምቅ እንኳ ቀምሼ የምነግራት እኔ ነኝ እኮ!

ወሬው ሳቅ ሆኖ ቢቀር ምን ነበረበት? ግን ሴት ልጇን ለትዳር የሚለምኑ ሽማግሌዎች ከተፍኪ ሊመጡ ቀን ተቆረጠ። የሙሽራው ቤተሰቦች ደግሞ መጠጥ በደጃቸው የማያልፍ ጥብቅ ሰዎች ናቸው። ጽጌ አለቀሰች። «በኔ ፊት ምክንያት የልጄ ትዳር ሊቀር ነው» አለችኝ።

የሰፈር ሴት መቼ ዝም ትላለች? ወይባ ጢስ ግቢ፣ ሙሽራ ትመስያለሽ አሏት። ወይባ ሲሞቅ ብርድ ልብሱ አንገት ላይ እንደሚያበቃ፣ ጭንቅላት ውጭ እንደሚሆን የማያውቅ የለም። እነሱ ግን የታመመው ፊትሽ ነውና ጭንቅላትሽንም አስገቢ ብለው ሸፈኗት። ስትወጣ በርበሬ የተደፋባት መሰለች። ክሮቹማ ጭራሽ ደመቁ።

«ተነሺ!» አልኳት። በሚኒባስ ይዣት አዲስ አበባ፣ ቆዳ ሐኪም ዘንድ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ፊትሽን ምን ትቀቢያለሽ ብላ ጠየቀቻት። ጽጌ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። እኔ ተናገርኩ፤ ፊት ያጠራል ተብሎ ሱቅ ውስጥ ተቀላቅሎ የሚሸጠውን ቅባት ነው አልኩ። ባሏ እንኳ አያውቅም። እኔ ግን አውቃለሁ፤ ባዶ ዕቃውን የምትጥለው በኔ አጥር በኩል ነዋ!

ሐኪሟ አስረዳችን። ከቆዳ ሥር ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ሰፍተው ነው የሚታዩት፤ ቅባቱ ደግሞ ስሱን ቆዳ ይባስ አሳስቶታል። ቅባቱን በሐኪም ክትትል ማቆም፣ ጢስና እንፋሎት መተው፣ ፊትን አለመፈተግ፣ የፀሐይ መከላከያ መቀባት። ቆዳው ሲያገግም ክሮቹን በሌዘር ማጥፋት ይቻላል አለች። ደስ ይላል። ግን ሽማግሌዎቹ ቆዳዋ እስኪያገግም ይጠብቃሉ?

ቀኑ ደረሰ። ሴቶቹ ፓውደር ይዘው መጡ፤ ዱቄት ውስጥ የወደቀች ሊያስመስሏት። ጽጌ እምቢ አለች። ፊቷን ታጥባ፣ ቀና ብላ ገባች። ከሽማግሌዎቹ ትልቁ፣ ኦቦ ቶለሳ፣ ትክ ብለው አዩዋት። ሳትጠየቅ ተናገረች፦

«አባቴ፣ ይሄ የደም ሥር ሕመም ነው። መጠጥ አፌ ገብቶ አያውቅም። ይኸው ፊቴ፣ እንደፈለጉ ይዩት።»

ኦቦ ቶለሳ ሳቁ። «ልጄ፣ እኛ የመጣነው ልጅሽን ልንለምን ነው። ጉንጭሽን ማን ለመነሽ?»

ያን ቀን ጎረቤቷ በመሆኔ እንዴት ኮራሁ መሰላችሁ! ጓዳ ሆኜ እልል ያልኩት ከምርቃቱ በፊት ነው አሉ። ቢሆንስ? እንዲህ ያለች ሴት በየአጥሩ ትገኛለች?

ሰርጉ ካለፈ በኋላ ሌዘሩን ጀመረች። እየተመላለሰች ታክማ ጉንጯ ጠራ፤ ተጠግተው ካላዩት አይታወቅም። ሰፈሩስ ምን አለ? «ተመስገን፣ ጽጌ አረቄ ተወች!»

ይሄ ሳያንስ አንዷ ጎረቤታችን ባሏን ይዛ እዚያው ሐኪም ዘንድ ሄደች። እሱ እንኳ የምር ጠጪ ነው፤ አፍንጫውም ጉንጩም ቀይ ክር ብቻ ነበር። ታከመ፣ ፊቱ እንደ ሕፃን ጠራ። አሁን አረቄ ቤት ሲገባ ያየው ሁሉ፣ ሰው ፈልጎ ነው ይላል። እየተንገዳገደ ሲወጣ ደግሞ ደግፈው ቤቱ ያደርሱታል፤ ምስኪን፣ ደም ማነስ ይዞታል እያሉ።