የሐጂ ሻዝሊ እምቢታ

(ፖርት ሰዒድ። ጡረተኛው መርከበኛ ሐጂ ሻዝሊ እግራቸው ከከዳቸው አራት ወር ሆኗቸዋል። ሐሙስ የልጅ ልጃቸው ትዳራለች። ነግላ፣ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ከሆነች ገና ሳምንቷ፣ አዲስ ተሽከርካሪ ወንበር ይዛላቸው መጥታለች። የሐጂ ዓይን ከወንበሩ ላይ አልነቀል ብሏል።)

ሐጂ፦ ኧረ ልጄ፣ ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ለተቸገረ ስጪው!

ነግላ፦ ወንበሩን አልፈልግም እያሉኝ ነው።

ሐጂ፦ (ደስ ብሏቸው) አዎ፣ አልፈልግም!

ነግላ፦ (እየጻፈች) «አል…ፈ…ል…ግም።»

ሐጂ፦ ምንድን ነው የምትጽፊው?

ነግላ፦ ውሳኔዎን። የባለጉዳይ ውሳኔ ይከበራል።

ሐጂ፦ (ደንግጠው) ቆይ እንጂ! ገና አንዴ እኮ ነው እምቢ ያልኩት!

ነግላ፦ አንዴ ይበቃል። እኔ ሰው ላይ ጫና አላደርግም።

ሐጂ፦ ትንሽ ብታደርጊ ምን አለበት?

ነግላ፦ ትንሽ ጫና እንደሚፈልጉ እየሰማሁ ነው።

ሐጂ፦ አንቺ ልጅ፣ የገደል ማሚቶ ነሽ እንዴ?

ነግላ፦ የገደል ማሚቶ እንደሆንኩ ይሰማዎታል።

ሐጂ፦ ያ አላህ! ሐሙስ ሠርጉ ቤት በምን ልደርስ ነው?

ነግላ፦ መልሱ እርስዎ ውስጥ አለ።

ሐጂ፦ እኔ ውስጥ ያለው የጠዋቱ ባቄላ ብቻ ነው!

(ነግላ ወንበሩን ወደ በሩ መግፋት ጀመረች። ሐጂ ወንበሩን በዓይናቸው ሸኙት። ሳይለመኑ እሺ ሊሉ? በዚህ ዕድሜያቸው ምን ቆርጧቸው! ዓይናቸው አጠገባቸው ተከድኖ የተቀመጠ የምሳ ሳህን ላይ አረፈ። ከፈቱት፤ የዓሣ ጥብስ ሽታ ቤቱን ሞላው።)

ሐጂ፦ ነይ፣ ምሳ ብዪ።

ነግላ፦ (ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም) ኧረ ጠግቤአለሁ፣ አይቸገሩ!

ሐጂ፦ ጠግቤአለሁ እያልሽኝ ነው።

ነግላ፦ እ… አዎ።

ሐጂ፦ ውሳኔሽ ይከበራል። (ሳህኑን ወደ ራሳቸው ስበው ጎረሱ)

ነግላ፦ (ምራቋን ውጣ) ሐጂ፣ እንግዳ እኮ ነኝ! አንዴ ብቻ ነው እንዴ የሚለምኑኝ?

ሐጂ፦ ሰው ላይ ጫና አላደርግም።

ነግላ፦ ወጉ እኮ ሦስቴ ነው!

ሐጂ፦ (በአገጫቸው ወንበሩን እያሳዩ) እሱንስ ስንቴ ለመንሽኝ?

(ነግላ የጻፈችውን አየችና ፊቷ ቀላ።)

ነግላ፦ (ወንበሩን ወደ አጠገባቸው መልሳ) ሐጂ፣ በሞቴ ይውሰዱት!

ሐጂ፦ ኧረ አይሆንም!

ነግላ፦ አፈር ስሆን!

ሐጂ፦ በጭራሽ! (ወንበሩን ጠጋ እያደረጉ)

ነግላ፦ ካልወሰዱት ዓሣውን አልቀምስም!

ሐጂ፦ (ወንበሩ ላይ ተደላድለው) እንግዲህ ምን አደርጋለሁ፣ እንግዳ ከቤቴ ጦሟን አትሄድም! ለአንቺ ስል እሺ።

ነግላ፦ (አፏን ሞልታ፣ ወረቀቷን እያወጣች) ውሳኔዎን ምን ብዬ ልጻፍ?

ሐጂ፦ «በገዛ ፈቃዱ፣ ተለምኖ።»